«እጄን ማመን አቃተኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሚድዋይፍ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ከሁለት ወር በፊት ያዋለድኳት እናት ደም ፈሰሳት። የምንችለውን አድርገን ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ግን አልተረፈችም። ከቀናት በኋላ አንድ ዘመዷ ፎቶዬን «ገዳይዋ ይቺ ናት» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰደበኝ። አሁን ማዋለጃ ክፍል ስገባ ልቤ ይመታል፤ ጓንት ሳጠልቅ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ኮሜንቶቹን ሳነብ ይነጋል። ለእንቅልፍ ብዬ ዲያዜፓም ጀምሬያለሁ። እውነታቸውን ይሆን እንዴ? ሥራውን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ለቤተሰቡም ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ለእርስዎም ያልኩት አስቤበት ነው። ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ እንቀመጣለን። እጃችን ላይ የታመመች እናት ስታልፍ ግን ሳናለቅስላት ማግስቱን ዲውቲ እንገባለን። ሐዘኑ ግን የትም አይሄድም።

የሚሰማዎት ነገር በሕክምናው የታወቀ ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ዶ/ር አልበርት ዉ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ታካሚ ሲጎዳ ባለሙያውም «ሁለተኛ ተጎጂ» እንደሚሆን ጽፈዋል። ስያሜው ቅር የሚያሰኛቸው የሟች ቤተሰቦች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ምልክቶቹ ግን እውነት ናቸው። ያቺ ሌሊት ደጋግማ ትመጣለች፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው ከሥራ ቦታው መሸሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ይጠበቃል። ወር ካለፈውና ሥራዎን ካወከ ግን «ጊዜ ይፈታዋል» ተብሎ አይተውም። ድባቴ ወይም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ይይዎት። ሁለቱም ይታከማሉ፤ በንግግር ሕክምና፣ ሲያስፈልግም እንደ ፍሉኦክሰቲን ባለ መድኃኒት። መድኃኒቱ ሳምንታት ስለሚፈልግ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

ዲያዜፓሙ ያሳስበኛል። ሱስ ያስይዛል፤ ሰውነት ውስጥም ለቀናት ይቆያል። ማታ የዋጡት ክኒን ጠዋት ንቃትዎን ይቀንሳል፤ ከዚያ እጅዎን ይበልጥ መጠራጠር ይመጣል። በየቀኑ ለሳምንታት ወስደው ከሆነ ግን በአንዴ አያቁሙት፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

«እውነታቸውን ይሆን እንዴ?» ላሉት፣ ፌስቡክ ላይ መልሱ የለም። ያለው ካርዷ ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይበዛ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ የተሰጣት ስንት ሰዓት ላይ ነው? የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል? ደሙ መብዛቱ መቼ ታየ? አምቡላንስ ተጠርቶ መቼ ደረሰ? ሆስፒታል ስትደርስ ደም ተገኝቶላታል? በአገራችን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት አለ። ዓላማው ስም ሳይጠራና ሰው ሳይወቀስ የሞቱን ምክንያት መመርመር ነው። የእርስዎ ጤና ጣቢያ ግምገማውን ካላደረገ ይጠይቁ፤ ካደረገም ውጤቱን ቁጭ ብለው ከኃላፊዎ ጋር ይዩት። ብዙ ጊዜ መዘግየቱ ከአንድ በላይ ቦታ ነው የሚገኘው፦ ቤት፣ መንገድ ላይ፣ ጤና ተቋም ውስጥ። የእርስዎ ድርሻ ካለ እዚያ ይታወቃል። ድርሻ ደግሞ ልክ አለው፤ ይታረማል፣ ሥልጠና ይወሰድበታል። ስድብ ግን ልክ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያነቡትም አያልቅም።

ስለዚህ የፌስቡክ መተግበሪያውን ለጊዜው ከስልክዎ ያጥፉት። ዛቻ ካለበት አንድ የሚያምኑት ሰው ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥልዎ፤ ለኃላፊዎና ለፖሊስ ያሳውቁ። እዚያው ላይ መልስ አይጻፉ። የታካሚን ምስጢር ሳይነኩ ራስዎን መከላከል አይችሉም። ቤተሰቡ ግን ማብራሪያ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። አስከሬን ተረክበው ምን እንደሆነች ሳይነገራቸው የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ያ ነው ቁጣ የሚሆነው። የሚያነጋግራቸው ግን የተቋሙ ኃላፊ ነው፤ እርስዎ ብቻዎን አይሂዱ።

ሥራውን ስለመተው፣ እንቅልፍ ባጡበት ሰሞን አይወስኑ። ለጥቂት ሳምንታት የእርግዝና ክትትል ወይም ክትባት ክፍል በቀን ተራ እንዲመድቡዎት ይጠይቁ። ማረፉ ከረዘመ ፍርሃቱ ይጠናል፤ ስለዚህ ቀስ እያሉ ይመለሱ። መጀመሪያ ልምድ ካላት ባልደረባዎ ጋር ቆመው ያግዙ፣ ከዚያ እሷ አጠገብዎ ሆና ያዋልዱ፣ ከዚያ በራስዎ። ጓንት ሲያጠልቁ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ፤ ቅደም ተከተሉንም ጮክ ብለው ይጥሩት፦ «ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ተዘጋጅቷል»፤ ባልደረባዎ «አዎ» ትበል። ለእናቲቱም የሚጠቅም ልማድ ነው።

«ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ። መድኃኒቶቹን ለሌላ ሰው ያስረክቡ፤ የዚያኑ ዕለት ከሰው ጋር ሆነው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የሚያውቅዎት ሰው ያየኛል ብለው ከሰጉ ከሚሠሩበት ከተማ ውጭ ይታከሙ። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያሲዙ፤ ዲያዜፓሙን የጀመሩበትን ቀንና መጠኑን ጽፈው ይዘው ይሂዱ።