ከጥር በፊት ፈርሙ

ፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚያሳይ ካፌ አለ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ። ሰፈሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ስለተሠራ፣ ሰው መጥቶ አቅጣጫ ሲጠይቀኝ እኔም እንደሱ ግራ ይገባኛል። ማኪያቶው ግን ያው ነው።

ስልኬ የሚጠራውም እዚሁ ነው። ለንደን 22 ዓመት ኖሬ ስለተመለስኩ፣ ውጭ ያለው ዘመድ ሁሉ እንደ ጠበቃ ያየኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት የደወለችው ፍራንክፈርት ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። "ጋሼ፣ እዚህም ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ የሚሉት ድምፅ እያገኙ ነው። እንግሊዝ ስትወጣ፣ በብሬግዚት ጊዜ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ?" አለችኝ።

ምን አደረግን? ጠበቅን። ጥፋታችንም እሱ ነው።

ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ሰኔ 16 ቀን 2008፣ በፈረንጆቹ ጁን 23 ቀን 2016 ነበር። ያን ሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ሊነጋጋ ሲል አውቶቡሱን የሚሞሉት ቢሮ የሚያጸዱ ሰዎች ናቸው። ፖላንዶች፣ ፖርቹጋሎች፣ የኛም እህቶች። ሌላ ቀን ወይ ይተኛሉ ወይ ያወራሉ። ያን ሌሊት ግን ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሁልጊዜ ስትወርድ እጇን የምታውለበልብልኝ አንዲት ፖላንዳዊት ነበረች። ያን ቀን ዞራ ሳታየኝ ወረደች። 51.9 በመቶ ለ48.1 ሆኖ "እንውጣ" ያለው ወገን አሸንፏል።

እኔ አልመረጥኩም። የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረኝም ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነበር። አብሮኝ የሚነዳው ኬንያዊ ግን በኬንያ ፓስፖርቱ መርጧል፤ አገሩ ኮመንዌልዝ ውስጥ፣ በአብዛኛው የእንግሊዝ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ባሉበት ማኅበር ውስጥ፣ ስላለች። ቅኝ ባለመገዛታችን የመጣብን ሒሳብ ነው ብዬ ስቄበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀን ጨዋታ ሆነ። ቀኖቹን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፣ የነሱ ጉዳይ ስለሆነ። ማርች 29 ቀን 2019 እንወጣለን አሉ። ቀኑ ደረሰ፣ አልወጡም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ያመጣችው የመውጫ ስምምነት ጃንዋሪ ላይ ፓርላማ ገብቶ 432 ለ202 ተጥሎ ነበር። ሁለት ጊዜ መልሳ አመጣችው፣ ሁለቱንም ጊዜ ጣሉት። ኤፕሪል 12 ተባለ፣ ኦክቶበር 31 ተባለ። በእሷ ቦታ ቦሪስ ጆንሰን መጣ፣ ምርጫ ተደረገ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጡ። ወጡ ይባል እንጂ እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ድረስ ሕጉ እንደነበረ ቀጥሏል። ቀን በተራዘመ ቁጥር ሐበሻው ሬስቶራንት ውስጥ እንጀራውን እየቆረሰ "ተዋቸው፣ የትም አይሄዱም" ይል ነበር። እኔም ብያለሁ። መራዘሙን እንደ መቅረት ቆጠርነው።

በነገራችን ላይ፣ ይሄ ፊቴ ያለው መንገድ ስሙን ያገኘባቸው ቸርችል በ1946 ዙሪክ ላይ ንግግር አድርገው "የአውሮፓ የተባበሩት መንግሥታት" ይመሥረት ብለው ነበር። አገራቸውን ግን ከዳር ሆና እንደምትደግፍ ወዳጅ ነው ያዩዋት። እንግሊዝ እግሯ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነበር ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ የሰፈር ልጅ አለ፤ ስሙ ይቅር። ጣሊያን አድጎ የጣሊያን ፓስፖርት ይዞ ለንደን የመጣ ነው። እጮኛው ካዛንቺስ ነበረች። በ2018 እንጋባ አሉ፤ "ብሬግዚቱ ይለይለት" ብሎ አቆየው። በ2019ም እንደዚያው። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። በመጨረሻ ሰርጉን በኛ አቆጣጠር ለጥር 2013 ቀጠሩት። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ከዚያ በፊት ጾመ ነቢያት ስለሆነ አይዳርም፤ ቤተሰብም ሰምቶ አይፈቅድም።

የእንግሊዝ ሕግ ግን ጾም አያውቅም። የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ሰው በአዲሱ የነዋሪነት ምዝገባ በኩል ሚስቱን ማምጣት የሚችለው ጋብቻው እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ የተፈጸመ ከሆነ ነው፤ ወይም ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት አብረው እንደቆዩ በማስረጃ ከታየ። የነሱ አብሮነት በስልክ ነበር። ዲሴምበር 31 በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ነው። ገና ሳይደርስ፣ ጾሙ ሳይፈታ። ልጁ በቀናት ልዩነት አለፈው። በዚያኛው መንገድ ቢሄድ ኖሮ የገቢ መጠን አይጠየቅም፣ የእንግሊዝኛ ፈተና የለም፣ የማመልከቻ ክፍያም የለም። በቀረለት መንገድ ግን በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ አሳይ ተባለ። ምግብ በሞተር የሚያደርስ ልጅ ነው፤ ገቢው አንድ ወር ይሞላል፣ አንድ ወር ይጎድላል። (ያ ቁጥር በ2024 ወደ 29,000 ከፍ ብሏል።) የሰርጉን ቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ እሱ ስልኩን ያያል።

ምን ማድረግ ይችል ነበር? ኅዳር ላይ መጥቶ፣ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ሄዶ፣ በምስክር መፈረም። ድግሱ ለጥር ይቆያል። ፊርማና ሰርግ አንድ ቀን መዋል የለባቸውም። ይሄን እናቶቻችን አይወዱትም፤ አውቃለሁ።

ሌላው የጠበቀው ሰው የሆላንድ ወይም የስዊድን ፓስፖርት ይዞ ለንደን 15 ዓመት የኖረው ነው። "እኔ ቋሚ ነኝ" ይላል። ቋሚነቱን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ ሲሉት የለውም፤ ከዚያ በፊት አስፈልጎት ስለማያውቅ። የነዋሪነት ምዝገባው ማመልከቻ ጁን 30 ቀን 2021 አበቃ። አምስት ዓመት የሞላው ሙሉ ፈቃድ፣ ያልሞላው ጊዜያዊ ያገኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ግን ልጆቹን ሳያስመዘግብ ቀረ፤ እዚያ ስለተወለዱ ብቻ እንግሊዛዊ የሆኑ መስሎት።

ስለ ገንዘብ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። በሕዝበ ውሳኔው ማግስት፣ ጁን 24 ጠዋት፣ ፓውንድ ወደቀ። ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም አካባቢ ወደ 1 ከ33 ወረደ፤ ከ1985 ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ነው ተባለ። እኔ ያኔ እዚህ ቤት እየሠራሁ ነበር። በዚያው ሰሞን ሠራተኛው ደውሎ "ጋሼ፣ ሴራሚኩ ጨምሯል" አለኝ። ሴራሚኩ የጨመረው በብሬግዚት አልነበረም፤ እኔ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አየሁትና ደነገጥኩ። ያለኝን 12,000 ፓውንድ በ29 ብር ገደማ መንዝሬ ወደ 350 ሺህ ብር አደረግሁት። ከፊሉ ሴራሚክና መስኮት ሆነ፤ እሱ አይቆጨኝም፣ ዛሬም እረግጠዋለሁ። የቀረው ባንክ ተቀመጠ። ከዚያ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የኛው ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያ ሁሉ 350 ሺህ ብር ሳይነካ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ 2,500 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ከዝናብ ሸሽቼ ወንዝ ገባሁ። እዚህ የምትከፍሉት ሒሳብ ካለ የዚያን ልክ መንዝሩ። የቀረውን በምትኖሩበት አገር ገንዘብ ወይም እዚህ ባሉ የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳቦች አቆዩት። በአንድ ቀን ዜና ሁሉንም አታገላብጡ።

መለያየት ሲመጣ "ነገሩ ይረጋጋል" ማለት ለኛ አዲስ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ብርን ትታ ናቅፋን ስታወጣ፣ መርካቶ የሚነግድ አጎቴ አስመራ ካሉ ደንበኞቹ ዱቤ ነበረው። ከዚያ በፊት ንግዱ በብር፣ በቃል፣ በሰላምታ የሚሄድ ነበር። አሁን በኤልሲ፣ ማለትም በባንክ የክፍያ ዋስትና፣ በዶላር ይሁን ተባለ። አጎቴ ዱቤውን ቶሎ መሰብሰብ ነውር መሰለው። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ዱቤውም ጓደኞቹም እዚያው ቀሩ። ስለ ብሩ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ስለ ጓደኞቹ ነበር የሚያወራው።

የእንግሊዝ ፓስፖርት ለያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ድሮ ሮም ያለች እህታችሁ ጋ ሄዳችሁ ዓመት ብትቀመጡ ቪዛ ማንም አይጠይቃችሁም ነበር። አሁን በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። እህት ታማ፣ አስታምማለሁ ብላ ቀኑን ሳትቆጥር የቀረች ሴት አውቃለሁ። ቁጠሩ። ፈቃድ ብቻ ያላችሁም፣ አሁን ካርድ የሚባል ነገር ቀርቶ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ሆኗል። ፓስፖርት ስታድሱ አዲሱን ቁጥር አካውንታችሁ ላይ አስገቡ። ቦሌ ኮንተር ላይ፣ ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ከኋላ ሰልፉ እያጉረመረመ፣ በርበሬና ሽሮ የያዘች እናት ስልኳ ላይ ፓስወርድ ስትፈልግ ማየት ደስ አይልም።

ለእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም፤ ቡናዬ ይቀዘቅዛል። ጀርመን ትውጣ አትውጣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ነገ እንደማትወጣ ግን እሷም ታውቃለች። አምስት ነገር ጠየቅኳት። ፓስፖርትሽ የየት ነው? ፈቃድሽ መቼ ያልቃል? ዜግነት ማመልከት ከቻልሽ ምን ትጠብቂያለሽ? የቤት ኪራይ ውልሽና የደመወዝ ወረቀትሽ የት ነው ያለው? እጮኛሽስ?

እጮኛዋ እዚህ ነው፤ አራት ኪሎ የሚሠራ ጨዋ ልጅ። ሰርጉ ለጥር ነው አለችኝ። የትኛው ጥር ስላት ዝም አለች።

"ፊርማውን አስቀድሙት" አልኳት።

"ጋሼ፣ እማዬ ፊርማ ብቻ የሚለውን ከሰማች ታለቅሳለች።"

"እናትሽን እኔ አናግራታለሁ" አልኩ።

እህቴ ቤት ከዚህ ካፌ በእግር 15 ደቂቃ ነው። ይኸው ሳምንቱ አለፈ፣ እስካሁን አልሄድኩም።