ለእናታችሁ ስኳር ሳይሆን የስኳር ምርመራ ላኩ

በስደት 23 ዓመቴ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ የመጡ ስንት ልጆች ተቀብያለሁ፤ ሲሳሳቱም አይቻለሁ። ለእናንተ አዲስ ለመጣችሁት አራት ምክር አለኝ፤ ቃሌ ቢከብዳችሁ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት። ፓስፖርታችሁን ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ፤ ገንዘብ የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ።

2. እናንተው። በሁለት ዓመት ቦርጭ ታወጣላችሁ። የሌሊት ሥራ፣ መኪና ውስጥ የሚበላ ምሳ፣ እንቅልፍ ማባረሪያ ጣፋጭ መጠጥ ነው የሚያመጣው። አገር ቤት ስትገቡ “አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል” ይሏችኋል፤ እንዳትሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን የቀነሰው 31 በመቶ ነው።

3. ቤተሰብ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው። ገበያ በእግሯ ሄዳ፣ ዘንቢሏን ይዛ የደሴን ዳገት ትወጣ ነበር። ዶላር መላክ ስጀምር “እማ፣ ከእንግዲህ አትልፊ” አልኳት። ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩላት። ለበዓል ለስላሳ በሣጥን አስገዛሁላት። ቡናው በሦስት ማንኪያ ስኳር ሆነ። ፎቶዋን ሳየው ወፍራለች፤ ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ አሳየሁ።

ውሃ ጥሙ፣ ሌሊት ለሽንት መመላለሱ፣ የእግር መደንዘዙ ሲመጣ “እርጅና ነው” አለችኝ፤ አመንኳት። አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ የገባች ጠጠር ስትቆረቁራት ዋለች፤ አልተሰማትም። ስኳሩ የእግሯን ነርቭ ጎድቶት ነበር። ቁስሉን በካልሲ ሸፈነችው። በየሳምንቱ በቪዲዮ እንገናኛለን፤ እኔ የማየው ግን ፊቷን ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ስትደርስ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ታናሽ ወንድሜ ሥራውን ትቶ አስታማሚ ሆነ። ለኦፕሬሽኑና ለአልጋው የላክሁት ገንዘብ ዕድሜዋን ሙሉ በየስድስት ወሩ ያስመረምራት ነበር።

በዓለም ላይ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከአምስቱ አራቱ ገደማ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ አገር ሲታመሙ የሚከፈለው በአብዛኛው ከቤተሰብ ኪስ ነው፤ ኪሱ ደግሞ እናንተ ናችሁ። ኩላሊት ከደከመ እጥበቱ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው፤ ከብቱም ቤቱም ይሸጣል።

አንዲት 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ነው። ሣጥን ሙሉ የምታስገዛው ወንድሜ፣ እስኪ ቁጠረው! የአንድ ቀን የደም ስኳር ምርመራ ከዚያ ሣጥን ያንሳል።

ምርመራው ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት ይሁን። ሁለት ጊዜ ተለክቶ 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ገና መመለስ ይቻላል። የጤና መድህን መዋጯቸውን ክፈሉላቸው። ባጃጁን ተዉት፤ ቡና ጀባ ለመባባል ጎረቤት በእግሯ ትሂድ። “ልጇ ውጭ ሆኖ በእግሯ ያስኬዳታል” ይሉኛል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ ያንን ፈርቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

4. መድኃኒት። ኢንሱሊን (በመርፌ የሚሰጠውን የስኳር መድኃኒት) ይዛችሁ ስትሄዱ በእጅ ሻንጣ ከማዘዣው ጋር ይሁን፤ ጭነት ውስጥ በረዶ ከመታው አይሠራም። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ የእናታችሁን እግር እዩ። መሄድ ካልቻላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ካልሲዋን ታውልቅና ስልኩን ወደ እግሯ ታዙረው። በጣቶቿ መሀል ሳይቀር እዩ።