ራጅ፣ አክታ፣ የክትባት ካርድ፦ ለቪዛ ሜዲካል የሚዘጋጁ አንባቢዎች ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ሜዲካል ናቸው። ከጸሐፊዎቹ የሚበዙት የአሜሪካ የቤተሰብ ቪዛ የሚጠብቁ ናቸው፤ ወደ ሳዑዲ ለሥራ ልትሄድ የተነሳች አንዲት እህትም ጽፋልናለች። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«ባለቤቴ ከአሜሪካ ፕሮሰስ ጀምሮልን የኢንተርቪው ቀን ደርሶናል። እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ የ11 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሜዲካሉ ላይ ምን ምን ይደረጋል? በባዶ ሆድ ነው የሚኬደው? እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ብንመረመርስ?» (ከደብረ ብርሃን)

ከመጨረሻው እንነሳ። የትኛውም ሆስፒታል የሚጽፈው የጤና ምስክር ወረቀት የቪዛውን ምርመራ አይተካም። ኤምባሲው ከመደባቸው ሐኪሞች ውጭ የተሠራ ምርመራ ተቀባይነት የለውም። የቀጠሮ አያያዙ ከኢንተርቪው ደብዳቤው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ስላለ ለደላላ የሚከፈል ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚጠቅማችሁ ለሌላ ነው፦ ከዚህ በፊት የታከማችሁበት ነገር ካለ ማኅደሩን በማኅተም አስወጥታችሁ ያዙ።

ቀጠሮው ቀን ፓስፖርት፣ የኢንተርቪው ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የክትባት ካርድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው፣ መነጽር ካለዎት መነጽርዎን ይዘው ይሄዳሉ። ማንነት ከተጣራ በኋላ ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ግፊትና የዓይን እይታ ይለካል። ቀጥሎ ሐኪሙ ያለፈ በሽታን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የአእምሮ ጤናን፣ መጠጥንና ሱስን ይጠይቃል። የአካል ምርመራው ልብስ ተወልቆ ጋውን ተለብሶ ነው፤ ቆዳም ይታያል፣ ከሚፈለጉት በሽታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ነውና። ሴት ባለሙያ አብራዎት እንድትቆም መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም።

የላቦራቶሪው ነገር በዕድሜ ይለያያል። የደረት ራጅ ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። ከ2 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ማለትም ሁለቱም ልጆችዎ፣ ለቲቢ የደም ምርመራ ይሰጣሉ፤ ራጅ የሚነሱት ደሙ ምልክት ካሳየ ነው። በልጅነታቸው ክንዳቸው ላይ የተከተቡት የቢሲጂ (የቲቢ መከላከያ) ክትባት ይህን የደም ምርመራ አያዛባም። የሚያዛባው ድሮ ክንድ ላይ በመርፌ ይሠራ የነበረውን የቆዳ ምርመራ ነው፤ ስለዚህ «ልጄ ቢሲጂ ስለወሰደች ነው ፖዘቲቭ ያለው» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም። ከ18 እስከ 44 ዓመት ያለ ሰው ለቂጥኝ ደም፣ ከ18 እስከ 24 ያለ ደግሞ ለጨብጥ ሽንት ይሰጣል። እርስዎን የሚመለከትዎ የመጀመሪያው ነው። ቂጥኝ ቢገኝ በመርፌ ታክሞ ያልፋል፤ ቪዛ አያስከለክልም።

ባዶ ሆድ አያስፈልግም። ቁርስ አብልታችሁ ሂዱ። ጾም ላይ ከሆኑና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ግን ደም ለሚቀዳው ባለሙያ አስቀድመው ይንገሩት፤ ተኝተው ይሰጣሉ። ረጅም መንገድ ተጉዞ በባዶ ሆድ ተቀምጦ ደም ሲሰጥ የሚወድቅ ሰው አዲስ አይደለም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ራጅ ክፍል ከመግባትዎ በፊት ሹሩባዎን ሰብስበው አናትዎ ላይ ይሰሩት። ትከሻ ላይ የወረደ ወፍራም ጉንጉን በፊልሙ ላይ የሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ያ ቦታ ደግሞ ቲቢ የሚወደው ቦታ ነው። የአንገት መስቀል፣ ክታብ፣ ብረት ያለው የጡት መያዣም ይወልቃል። ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም፤ ብረቱን ፈትቶ ክሩን መተው ይቻላል። ፊልሙ ሲነሳ ትንፋሽ በደንብ ስቦ መያዝ ነው። በግማሽ ትንፋሽ የተነሳ ራጅ ደብዝዞ ይወጣና ድገሙ ይባላል።

«ከስድስት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስድስት ወር መድኃኒት ውጬ ድኛለሁ። አሁን ደህና ነኝ፣ አያስለኝም። ሰዎች ‹ራጅህ ላይ ስለሚታይ በቃ ተበላሽቷል› ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከመሐል ሜዳ)

ለአሜሪካ ከሆነ አልተበላሸም፤ ይዘገያል እንጂ። የዳነ ቲቢ ጠባሳ ይተዋል። ሐኪሙ ጠባሳውን ከፊልም ላይ አይቶ «ይህ የሞተ ነው፣ ይህ ሕያው ነው» ብሎ መፍረድ ስለማይችል አክታ ያዛል። አክታው በሦስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት ይሰጥና በማይክሮስኮፕም በካልቸርም፣ ማለትም ባክቴሪያው ካለ በላቦራቶሪ እንዲበቅል በማድረግ፣ ይታያል። ካልቸሩ እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ አንዴ ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ ስለሚወስድበት ማብቀሉን ማፋጠን አይቻልም። «ገንዘብ ጨምር፣ በሳምንት ይደርስልሃል» የሚልዎት ሰው ካለ እየዘረፈዎት ነው።

ስለዚህ ከመሐል ሜዳ ሲነሱ ሦስት ቀን አዲስ አበባ ለማደር ተሰናድተው ይምጡ፤ ቢቻል ቀጠሮው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሁን። ሐሙስ ከጀመሩ ቅዳሜና እሑድ መሀል ገብተው ሳምንት ይበላሉ። አክታው ከቁርስ በፊት ነው። አፍ በውሃ ብቻ ይጉመጠመጣሉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ከደረት ውስጥ ያስላሉ። ምራቅ አክታ አይደለም። ዕቃው ውስጥ ውሃ የመሰለ ነገር ከተጠራቀመ ናሙናው ዋጋ የለውም። «አያስለኝም» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ ለማያስለው ሰው የጨው ውሃ በእንፋሎት አስተንፍሰው እንዲያስል ያደርጉታል።

ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት «ደረቴን ያጽዳልኝ» ብለው ከፋርማሲ ሲፕሮ ወይም የእሱ ወገን የሆነ ፀረ ተሕዋስያን እንዳይወስዱ። እነዚህ መድኃኒቶች የቲቢውን ባክቴሪያ በከፊል ይመቱትና ውጤቱን ያደናግራሉ። ለሌላ ሕመም የታዘዘልዎት ካለ ለሐኪሙ ስሙን ይንገሩ።

ከሁሉ በላይ የሚረዳዎት የድሮ ሕክምናዎ ማስረጃ ነው። ከታከሙበት ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ቀን፣ የወሰዱትን መድኃኒት ስም፣ በመጨረሻ የተሠራውን የአክታ ውጤት የያዘ በማኅተም የተደገፈ ወረቀት ያስወጡ። የስድስት ዓመት መዝገብ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳልና ቀጠሮ ሳይደርስ ይጀምሩ። የድሮ ራጅ ካለ እሱንም ይያዙ፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እንዳልተለወጠ የሚያሳየው እሱ ነው።

ሦስቱም ካልቸሮች ነጻ ከሆኑ ይሄዳሉ። የሜዲካልዎ ዕድሜ ግን ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ስድስት ወር ነው። ባክቴሪያው ከተገኘ ደግሞ በባለሙያ ፊት የሚዋጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር የሚፈጅ ሕክምና ተሰጥቶ አክታው እንደገና ይመረመራል። አብረዋችሁ የሚኖሩና ለቪዛ የሚጠብቁ ቤተሰቦችም ይታያሉ። ያስጨንቃል፣ ጉዞው ግን ለዘለዓለም አልተዘጋም።

«የልጆቼ የክትባት ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተሞላው፤ የታናሹ ደግሞ ጠፍቷል። ሁሉንም በጤና ጣቢያ አስከትቤያለሁ። ይህ አይበቃም?» (ከዓለም ከተማ)

ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም። ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ እዚያ ደርሶ ከመበሳጨት ያድናል።

በዘጠኝ ወር የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት ለአሜሪካ አይቆጠርም፤ ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት። በ15 ወር የተሰጠው ለኩፍኝ ይቆጠራል፤ ነገር ግን የእኛ አገሩ የኩፍኝ ብቻ ሲሆን እነሱ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አንድ ላይ የያዘውን ይፈልጋሉ። ፖሊዮም እንዲሁ ነው፦ ከመጋቢት 2008 መጨረሻ ወዲህ የተሰጠው የአፍ ጠብታ ከሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች አንዱ ስለተቀነሰለት አይቆጠርም። በ14 ሳምንት በመርፌ የተሰጠው ይቆጠራል። ፔንታ የሚባለው አምስቱን ያጣመረ ክትባት ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለትክትክና ለዘጊ አናዳ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለጉበት ቫይረስ ቢ ግን የመጨረሻው መርፌ ልጁ 24 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን ስላለበት አንድ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። የጉድፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ስለማይሰጥ ሜዲካሉ ላይ ይወጋሉ። ልጆቹ በአንድ ቀን ሦስት አራት መርፌ ቢወስዱ አይደንግጡ። ከእያንዳንዱ ክትባት ለዕድሜያቸው የሚገባውን አንድ ዙር ይሰጧቸዋል፤ የቀረውን ዙር አሜሪካ ይጨርሳሉ።

ቀኑን ሲያስመልሱ ስህተቱ የሚገባው ዓመቱ ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ያለው ላይ 7፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ላይ 8 ይደመራል። ኅዳር 2014 ኖቬምበር 2021 ነው፤ ጥር 2014 ግን ጃንዋሪ 2022። ሁሉም ላይ 8 የሚደምር ሰው በመጸው የተሰጠችውን መርፌ አንድ ዓመት ወደፊት ይገፋትና ልጁ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው በፊት የወሰደ ያስመስለዋል። በዋናው ካርድ ላይ አይሰርዙ፣ አይደልዙ። ትርጉሙ በሌላ ወረቀት ይሁን። የልጁ ስምና የልደት ቀን ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙንም ይዩ።

ለጠፋው ካርድ ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ አለው፤ በጤና ኬላ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቁ። ከመዝገቡ ተገልብጦ ማኅተም ያረፈበት ካርድ ይቀበላሉ። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ በግምት የተሞላ ካርድ ግን ሐኪሙ ገና ሲያየው ያውቀዋል፤ ያኔ እውነተኛው ቀን ሳይቀር ይጣላል። ማስረጃው ካልተገኘ ደግሞ ይደገምለት፤ ክትባት ተደግሞ መሰጠቱ ልጁን አይጎዳውም።

«የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ራጅ እንድነሳ ያስገድዱኛል ወይ?» (ከደብረ ሲና)

ማንም አያስገድድሽም። ሁለት ምርጫ አለሽ፦ ፈርመሽ ሆድሽ ዙሪያውን በእርሳስ መከላከያ ተሸፍኖ መነሳት፣ ወይም ምርመራውን እስክትወልጂ ማቆየት። ካቆየሽው የሚወለደው ልጅም የራሱ ፓስፖርት፣ ቪዛና ሜዲካል እንደሚያስፈልገው አስቢበት። የኩፍኝና የጉድፍ ክትባት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እርግዝናሽን ገና ሲመዘግቡሽ ተናገሪ።

«ወደ ሳዑዲ ለቤት ሥራ ልሄድ ነው። አሜሪካ የሄደች ጓደኛዬ ‹የጉበት ቫይረስ አይከለክልም› አለችኝ። እኔ ደግሞ ከዓመት በፊት ቢ ቫይረስ አለብሽ ተብያለሁ።» (ከአጣዬ)

እህታችን፣ ጓደኛሽ የነገረችሽ ለአሜሪካ እውነት ነው፤ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን አይሆንም። አሜሪካ ኤችአይቪን ከከልካይ በሽታዎች ዝርዝር ያወጣችው በጃንዋሪ 2010 ነው፤ የጉበት ቫይረስም ቪዛ አያስከለክልም። ካናዳ ከ15 ዓመት ጀምሮ ኤችአይቪ ትመረምራለች፤ ቫይረሱ መገኘቱ ብቻውን ግን እምቢታ አይደለም። በዋፊድ (የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምርመራ ቀጠሮ በሚያዝበት ድረ ገጽ) በኩል የሚሠራው ሜዲካል ከእነዚህ ይለያል፦ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ወይም ሲ፣ እርግዝና፣ ሌላው ቀርቶ የዳነ ቲቢ ጠባሳ እንኳ «አንፊት» (ለሥራ ብቁ አይደለሽም) ያሰኛል።

ስለዚህ ለማንም ሳትከፍዪ፣ ከብትም ሳይሸጥ፣ በአቅራቢያሽ ሆስፒታል የቢ ቫይረስ ምርመራሽን ድገሚ። አሁንም ካለ ጉበትሽ በየስድስት ወሩ እንዲታይ ክትትል ጀምሪ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የቤት ሰዎች ግን ተመርምረው ነጻ የሆኑት ይከተቡ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት እቅማለሁ፤ አረቄም እቀምሳለሁ። ሐኪሙ ቢጠይቀኝ ልካድ?» (ከሸዋ ሮቢት)

አይካዱ። ጫት እዚህ ሕጋዊ ቢሆንም በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ላይ ነው፤ ጥያቄው ጠበቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ የሚለየው መቃሙን ከሱሱ ነው። ሱስ ነው ብሎ ከመዘገበው ቢያንስ 12 ወር ርቆ መቆየት ይጠበቃል። ከዛሬ ቢተዉት ይሻላል፤ ሽንት ሊመረመር ይችላል። አረቄ ላይ የሚታየው ጠጥቶ መደባደብ ወይም መኪና መንዳት ነው። ዋሽቶ መገኘት ግን ራሱን የቻለ፣ ከጫቱ የከፋ የእምቢታ ምክንያት ነው። ሲሄዱም ለዘመድ ተብሎ የደረቀ ጫት ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ።

«ሜዲካሉን ቀድሜ ጨርሼ ብቀመጥ አይሻልም? ፖስታውስ ቢከፈት?» (ከአረርቲ)

በጣም መቅደም ይጎዳል። የቪዛው ዕድሜ ከሜዲካሉ ጋር ያልቃል፤ ኢንተርቪው ላይ «ተጨማሪ ማጣራት» ተብሎ ወራት ቢሄድ ሜዲካሉ ይቃጠልና ከነክፍያው ይደገማል። የድሮ ቲቢ ወይም የቆየ ሳል ያለበት ሰው ብቻ ለካልቸሩ ሁለት ወር አስልቶ ቢቀድም ያዋጣዋል። የታሸገ ፖስታ ከተሰጠዎት አይክፈቱት፤ የተከፈተ አይቀበሉም። የራጅ ሲዲ ከተሰጠዎት ደግሞ ከሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳዎ ጋር ይጓዝ፤ ሲገቡ ሊጠየቁ ይችላሉ።