ለፊትሽ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ኩርቱ ፌስታሏን አትርሺ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የድሬ ልጅ ነኝና አንቱ ባለማለቴ እንዳትቀየሚኝ። ዕድሜዬ 33 ነው፣ ቤቴ ሳቢያን፣ ሥራዬ ቀፊራ ቅመም መሸጥ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 8 ወር ሆነኝ፣ እስካሁን አጠባለሁ። እርጉዝ ሳለሁ ጉንጮቼና የላይኛው ከንፈሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ስትወልጂ ይጠፋል አሉኝ፤ እንኳን ሊጠፋ ጭራሽ ጠቆረ። ቃሲል የሚባለውን የቅጠል ዱቄት ሞከርኩ፣ እርድ በማር ሞከርኩ። የባሌ እህት ደግሞ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የገዛችውን ክሬም ሰጠችኝና ሁለት ወር ሙሉ ጉድ እስኪባል አቀላኝ። ሳቆመው ግን ፊቴ ነደደ፣ ብጉር ወረረኝ፣ ስለዚህ መልሼ ጀመርኩት። አሁን ፊት የሚያክሙ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። የታናሽ እህቴ ሰርግ ደግሞ 3 ሳምንት ቀርቶታል። በዚያው ቀን ሌዘር ያደርጉልኛል? ምን ምን ይጠይቁኛል? ክሬሙን ብነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቻለሁ፣ ባልናገርስ?
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ አንቱ ብትይኝማ ደብዳቤሽን ሳላነብ ነበር የምመልሰው! የድሬን ወግ አታበላሺብን።

ከመጨረሻው ልጀምር። ክሬሙን ንገሪያቸው። መንገር ብቻ አይደለም፣ ቱቦውን ይዘሽው ሂጂ። ፊትሽን የነካ ነገር ሁሉ፣ ቃሲሉም፣ እርዱም፣ ሳሙናውም፣ ያለቀው ቱቦ ጭምር፣ በአንዲት ኩርቱ ፌስታል ጠቅልለሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊላቸው። ቆዳ ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት በየቀኑ የማየው ነገር ይኸው ነበር፦ ሴቶች ስለ ማድያታቸው ግማሽ ሰዓት ያወሩና ስለ ክሬሙ ሲጠየቁ "ምንም አልቀባም፣ ቫዝሊን ብቻ" ይላሉ። ሐኪሙ የሚቆጣ ከሆነ ይቆጣ፣ አቦ። ለሁለት ደቂቃ ነው።

ምክንያቱም እንደምትነግሪኝ ከሆነ፣ ፊትን ቶሎ የሚያቀላና ሲቆም የሚያነድ ክሬም ብዙ ጊዜ ውስጡ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት፣ ለምሳሌ ክሎቤታሶል። ይሄ መድኃኒት ነው፣ ግን የፊት መዋቢያ አይደለም። ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ቆዳው ይለምደውና ሲቋረጥ ያምፃል። በሳሳ ቆዳ ላይ ሌዘር ወይም ቆዳ የሚልጥ አሲድ ቢጨመርበት ደግሞ አስቢው። በድንገት አታቁሚው፣ ግን ጨምረሽም አትቀቢ፤ እንዴት ቀስ እያልሽ እንደምትወጪ ሐኪሙ ይነግርሻል። አንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት፣ ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ልጅሽ ጡት ሲጠባ ጉንጭሽን እየዳሰሰ እጁን አፉ ውስጥ እንደሚከት አትርሺ።

አሁን ወደ ቀጠሮው። በዚያው ቀን ሌዘር እንሥራልሽ የሚል ቤት ካጋጠመሽ ካርድ ያወጣሽበት ገንዘብ ቢያናድድሽም ተነስተሽ ውጪ። የመጀመሪያው ቀን የወሬ ቀን ነው። ፊትሽን ታጥበሽ፣ ያለ ሜካፕ ትሄጃለሽ። ይጠይቁሻል፦ የምትወስጂው መድኃኒት፣ አለርጂ፣ ከንፈርሽ ላይ ምች ይወጣብሻል ወይ (ከወጣ ከፒሊንግ፣ ማለትም በአሲድ ቆዳ ከመላጥ፣ በፊት የሚወሰድ መድኃኒት አለ)፣ ቁስልሽ ሲድን ያብጣል ወይ፣ ከቤተሰብ ማድያት ያለበት አለ ወይ፣ ለብጉር የሚዋጥ ክኒን ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ። የወሊድ መከላከያም ይጠይቁሻል። ሆርሞን ያለበት ከሆነ ማድያት ሊያባብስ ይችላል፤ ግን እባክሽ ይሄን አንብበሽ ብድግ ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ሦስተኛ ልጅ ይዘሽ ትጽፊልኝና ጥፋተኛዋ እኔ እሆናለሁ።

እያጠባሁ ነው ማለትሽን ደግሞ ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ለማድያት የሚታዘዙት ዋና ዋናዎቹ፣ ሃይድሮኪኖንና ትሬቲኖይን፣ በዚህ ወቅት የሚመረጡ አይደሉም። ጥሩ ሐኪም እንደ አዜላይክ አሲድ ያለ ለስለስ ያለ ነገርና ሰንስክሪን ይሰጥሽና ሌላውን ጡት ስታስጥዪ እናየዋለን ይልሻል። ቅር ይልሽ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ የሚልሽን ሐኪም አጥብቀሽ ያዢው ነው የምልሽ።

ከዚያ ፊትሽን ያዩታል። መብራት አጥፍተው ሐምራዊ ብርሃን ባለው መብራት ሊያዩሽ ይችላሉ፣ ጥቁረቱ ከላይ ነው ወይስ ጠለቅ ብሎ የሚለውን ለመገመት ነው፣ አያምም። ፎቶ ያነሱሻል። ለፋይል ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ3 ወር በኋላ ለውጡን በምን ታመዛዝኚዋለሽ? ግን "የት ይቀመጣል?" በይ። ለቲክቶክና ለቴሌግራም ገጻቸው አልፈቀድኩም ማለት መብትሽ ነው። የምትፈርሚው ወረቀት በእንግሊዝኛ ከሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ በሚገባሽ ቋንቋ ያንብቡልሽ። ሳይገባሽ አትፈርሚ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የቆዳ ሐኪሞች ቆዳን ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል ወይስ ይጠቁራል ብለው ከ1 እስከ 6 የሚመድቡበት መለኪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊትዝፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው የጀመረው። መጀመሪያ የነጮች ቆዳ ብቻ ነበር የተመደበበት፤ የኛ ዓይነቱ ጠይምና ጥቁር፣ 5 እና 6 ተብሎ፣ የተጨመረው በኋላ ነው። የሚገርም ነው? አይገርምም። ማሽኖቹም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ሌዘርና መሰል ብርሃን ጥቁረትን ፈልጎ ነው የሚመታው፤ የኛ ቆዳ ደግሞ ሙሉው ቀለም አለው፣ ስለዚህ ማሽኑ ካልተመረጠና አቅሙ ካልተቀነሰ ማድያቱን ትቶ አንቺን ያቃጥላል። የተቃጠለው ቦታ ሲድን ደግሞ ከድሮው ይብስ ይጠቁራል።

ስለዚህ አንቺም ጠይቂ። ማሽኑን የሚይዘው ማነው፣ ሐኪሙ ነው ወይስ ሳምንት የሠለጠነች ልጅ? ምን ዓይነት ሌዘር ነው? (1064 ናኖሜትር የሚባለው ጠለቅ ብሎ ስለሚገባና የላዩን ቀለም ብዙም ስለማይነካ ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ነው፤ አይ ፒ ኤል፣ ማለትም ሌዘር ያልሆነውን የብልጭታ ብርሃን ማሽን፣ ካሉሽ ግን ጆሮሽን አቁሚ።) እንደኔ ጠይም የሆነች ሰው ሠርታችኋል ወይ፣ ፎቶዋን አሳዩኝ በይ፣ የኮሪያ ልጅ ፎቶ አይደለም የምፈልገው በይ። መንጋጋሽ ሥር ወይም ከጆሮሽ ኋላ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ጥቂት ሳምንት ይጠብቃሉ ወይ? ከጠቆረብኝ ማን ያክመኛል፣ በማን ገንዘብ?

እኔ እነዚህን አንዱንም ሳልጠይቅ በ26 ዓመቴ አንድ ቤት ገብቼ አሲድ ተቀባሁ። ነርስ ሆኜ! ጓደኛዬ ስላማረባት ብቻ። መንጋጋዬ ላይ የአምስት ሳንቲም የምታህል ጥቁር ነጥብ ይዤ ስምንት ወር ሻሽ በመንጋጋዬ ዙሪያ ስጠመጥም ከረምኩ። ሰው ሃይማኖት ቀየርሽ እንዴ ይለኝ ነበር።

ስለ ብር አንድ ዙር ስንት ነው ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ስንት ዙር? ለስለስ ያለ ፒሊንግ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዙር፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ነው የሚሠራው። ክሬሙ፣ ሰንስክሪኑ፣ ከተማ ርቆ ከሆነ መንገዱ ተደምሮ ጠቅላላውን በወረቀት ጻፉልኝ በያቸው። ደግሞም ማድያት የሚታገድ እንጂ ተነቅሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይመለሳል። "ለዘላለም እናጠፋልሻለን" ካሉሽ ነጋዴ ናቸው። በነገርሽ ላይ ቅመም ነጋዴ ነሽና ይሄንን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሰርጉስ? ለሰርጉ ምንም አታስደርጊ። 3 ሳምንት አይበቃም። ከፒሊንግ በኋላ ፊት ከ3 እስከ 7 ቀን ይላጣል፣ ይቀላል፤ ከተበላሸ ደግሞ የሚጠቁረው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ልክ ሙሽራዋ ስትወጣ። የክሬምም ቢሆን ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሜካፕ የምታውቅ ሰው ፈልጊ፣ ጨፍሪ።

እስከዚያ ከነገ ጀምሮ የምታደርጊው አለ። ሰንስክሪን፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት፣ የሁለት ጣት ርዝመት ያህል፣ በየሁለት ሰዓቱ። ቀለም ያለው፣ የቆዳ መልክ ያለው ከሆነ ለማድያት ይሻላል፣ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል። ቀፊራ ፀሐዩ እንዴት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ጃንጥላሽን ዘርጊ፣ ሸራውን ዝቅ አድርጊው። ሙቀትም ያባብሳል፤ ምጣድ ላይ ስትሆኚ ጉንጭሽን ለእሳቱ አትስጪ። የግል ቤት ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ካለ ጠይቂ። ዋጋውም ይቀላል፣ የሚሸጥልሽም ማሽን የለም።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፣ ሸዋ በር አካባቢ። ጺሜን በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ላይ ጥቁር ጥቁር እብጠት ይወጣል። ወንድ ልጅ ለፊቱ ሐኪም ጋ ቢሄድ አይሳቅበትም? ሌዘር ይረዳኛል?
(ከሐረር)

መልስ፦ የሳቀብህ ሰው አንገቱን ያሳይህ፣ ግማሹ ያው ነው። የተጠማዘዘ ጺም ሲቆረጥ ጫፉ ይሾልና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳው ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ያብጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ፀጉሩን ከሥሩ የሚያከስል ሌዘር ይረዳል፣ ያው ለኛ ቆዳ 1064ኛው። ቁስልህ ሲድን የሚያብጥ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ተናገር፣ አንገት ላይ ጠባሳ ካበጠ ሥራ ነው። በቀጠሮህ ቀን ተላጭተህ አትሂድ፣ እብጠቱን ይዩት፤ በመርፌም አትንቀለው። እስከዚያ ምላጩን ለአንድ ወር ያህል ተወውና ፀጉር አስተካካይህን ዜሮ ሳይሆን 1 ቁጥር አድርግልኝ በለው።