ቡናችን ለምን «አረቢካ» ተባለ? የባዮሎጂ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጥያቄ ላኩልኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል፤ በቀጥታ ልግባ።

ከጅሬን፦ መምህር፣ ቡና የኛ ሆኖ ሳለ ሳይንሳዊ ስሙ ለምን ኮፊያ አረቢካ ሆነ?

እኔንም ሁሌ ይቆጨኛል። ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለነበር የአረብ ተክል መሰለው። በሳይንሳዊ ስም አወጣጥ ሕጉ ደግሞ በሥርዓት የወጣ ስም ትርጉሙ ስለሳተ ብቻ አይቀየርም።

እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። እዚህ ተገልብጦ ነው፤ መጀመሪያ የወገኑ ስም፣ ቀጥሎ የዝርያው መለያ። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዓይነትም ኮፊያ ካኔፎራ ይባላል፤ ስለዚህ ዘመዳሞች ናቸው። ደግሞ አትዘኑ፣ ጫካችን ውስጥ ያለው ጉሬዛ በዓለም ሁሉ ኮሎበስ ጉሬዛ ነው። በራሳችን ቃል!

ከሂርማታ፦ ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው? ቤት ውስጥ ክርክር አስነስቷል።

የዛሬው ዝንጀሮ አያታችን አይደለም። ሳይንሱ የሚለው የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው። ድንቅነሽ ራሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ ያ የጋራ አያት ከእሷም በጣም ይቀድማል። እህቴ፣ በእርጋታ ተወያዩበት።

ከአጋሮ፦ ጥላ ሥር ያለው ቡናችን ቅጠሉ ሰፋ። ይህ ዝግመተ ለውጥ ነው?

አይደለም። አንድ ዛፍ በዕድሜው ሙሉ ቢለዋወጥም ዝግመተ ለውጥ አይባልም። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው በትውልድ ብዛት ውስጥ የብዙ ዛፎች የዘር ስብጥር ሲለወጥ ነው።

እዚያው ከአጋሮ፦ ታዲያ በዓይን የሚታይ ምሳሌ አለ?

አለ፣ ያውም እዚሁ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. ታየ። እሸቱን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። ግን ሁሉም ዛፍ እኩል አልተጠቃም። ልብ በሉ፣ መቋቋሙን በሽታው አልፈጠረውም። ልዩነቱ በዘራቸው ውስጥ ቀድሞም ነበር፤ በሽታው ለየው እንጂ። ተመራማሪዎች እየዞሩ የተቋቋሙትን ዛፎች መረጡ፣ ጅማ አጠገብ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል ፈተሹ። መራጩ ሰው ቢሆንም የተፈጥሮ ምርጫም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። 74110 እና 74112 የሚባሉት ቡናዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 ቁጥሩ የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ. ነው። እስቲ አባትህን ጓሯችሁ ውስጥ የትኛውን እንደተከሉ ጠይቃቸው።