ግፊት መለካቱስ እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራበት ፋርማሲ ደንበኞች ለልብ በሽታና ለስትሮክ ያላቸውን ስጋት የሚያውቁበት ቅድመ ምርመራ ሊጀምር ነው። ስልጠናው የግማሽ ቀን ነው፤ አብዛኛው ስለ መሣሪያዎቹ ነው ተብለናል። ይበቃል? ደግሞስ ይሄ ነገር የሐኪም ሥራ ውስጥ መግባት አይሆንም?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። አይሆንም። እርስዎ ስጋት ያለበትን ሰው ለይተው ወደ ሐኪም ይልካሉ እንጂ በሽታ አለብህ ብለው አይወስኑም። የደም ግፊት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ እየዞረ ሐኪም ጋ ምን ብሎ ይሄዳል? ለሳልም ለራስ ምታትም ብሎ ግን ፋርማሲ ጎራ ማለቱ አይቀርም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ለሆናቸው ሰዎች በየ5 ዓመቱ እንዲህ ያለ ምርመራ ትሰጣለች፤ በአንዳንድ አካባቢዎች የሚሠሩት ፋርማሲዎች ናቸው።

ግማሽ ቀኑ ግን አይበቃም። ለመሣሪያው ሊበቃ ይችል ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ልምምድ ካለው ነው። ደንበኛው ከመንገድ እንደገባ ክንድህን ስጠኝ ከተባለ የሚወጣው ቁጥር ዋጋ የለውም። 5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያጣምር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ፣ ሽንቱ ከመጣ መጀመሪያ ይሽና፣ በሚለካበት ሰዓት ደግሞ ዝም ይበል (እርስዎም አያውሩት!)። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከታሰረ ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል። ለስኳርና ለኮሌስትሮል ከጣት ደም ሲወሰድም ጣቱን አጥብቆ መጭመቅ ውጤቱን ያዛባል። እነዚህን በወረቀት አንብቦ ማለፍ ሳይሆን አሰልጣኙ እያየ በእጅ መሥራት ያስፈልጋል።

ትልቁ ሥራ ከቁጥሩ በኋላ ነው። በሎስ አንጀለስ ፀጉር ቤቶች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ ግፊታቸው ከፍ ያለ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ነበሩ። በአንደኛው ቡድን ፀጉር አስተካካዮቹ ሐኪም ጋ ሂድ እያሉ መከሩ፤ በሌላኛው ፋርማሲስቶች እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ እየሄዱ፣ ከሐኪሞች ጋር ባደረጉት ስምምነት መድኃኒት እያዘዙ ተከታተሉ። ከ6 ወር በኋላ የላይኛው ግፊት በመጀመሪያው ቡድን በአማካይ በ9 ነጥብ ገደማ ሲቀንስ፣ በፋርማሲስቶቹ በ27 ቀነሰ። መለካትማ ሁለቱም ጋ ነበር! እርስዎ መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ባይኖርዎትም ክትትሉን ማን ይከለክልዎታል?

ስለዚህ ስልጠናው ላይ እነዚህን ይጠይቁ። የስጋት ስሌቱን ለደንበኛ እንዴት ነው የምናስረዳው? የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ማጨስን፣ የላይኛውን ግፊት፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን አንድ ላይ አይቶ የ10 ዓመት ስጋት ይሰጣል። ስጋትህ 20 በመቶ ነው ቢሉት ሰውየው አንድም ይደነግጣል፣ አንድም ትከሻውን ነቅንቆ ይወጣል። እንዳንተ ያሉ 100 ሰዎች ቢኖሩ በ10 ዓመት ውስጥ 20ዎቹን ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ያገኛቸዋል፣ ሲጋራውን ብታቆም ደግሞ ቁጥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል ብለው ሰንጠረዡን ቢያሳዩት ግን ወሬው ይቀጥላል። ይሄን እርስ በርስ ደንበኛና ፋርማሲስት እየሆኑ ይለማመዱት፤ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ምንም አይደል።

የሪፈር መንገዱም በጽሑፍ ይኑር። ደንበኛው 180/120 ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለው ቀጠሮ የለም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ምልክት ከሌለውም ዳግም ተለክቶ ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይየው።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ማንም አይደርስብዎትም። ግፊቱ ከፍ ያለውን ሰው ምን እየወሰደ እንደሆነ ይጠይቁት። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ግፊት ያንራሉ፤ ምናልባትም የሸጡለት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ስለካ 152/94 አለኝ፤ በሳምንቱ ሐኪም ጋ 134/84። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግፊት በቀን ውስጥም ከፍ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ልኬት ደግሞ ግፊት አለብዎትም የለብዎትም አይባልም። የክንድ መለኪያ ካገኙ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ እየለኩ ይመዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉትና የቀሪውን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው የሚባለው። ዝቅ ቢልም መዝገቡን ለሐኪምዎ ያሳዩት፤ የ152ቱንም ይንገሩት።