በቨርጂኒያ በቤት ውስጥ ልጅ ለመጠበቅ ላይሰንስ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ውድ እህታችን፣ ከሁለት ልጆችዎ ጋር የእህትዎን ልጅና ሦስት የጎረቤት ልጆችን በክፍያ እንደሚጠብቁ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮም አንዲት የስድስት ወር ሕፃን እንደምትጨመር ገልጸው ላይሰንስ (የስቴቱ የሥራ ፈቃድ) ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ በሰሜን ቨርጂኒያ መጀመሪያ በካውንቲ ፐርሚት፣ በኋላም በስቴቱ ላይሰንስ ስለሠራሁ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

የቨርጂኒያ ሕግ የቤት ውስጥ ዴይኬር የሚለው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ከ1 እስከ 12 ልጆች በመኖሪያ ቤት የሚጠበቁበትንና ቢያንስ ለአንዱ ክፍያ የሚፈጸምበትን አገልግሎት ነው። በዚህ ቆጠራ የራስዎ ልጆችና እዚያው ቤት የሚኖሩ ልጆች አይገቡም፤ ላይሰንስ ግዴታ የሚሆነውም ቁጥሩ 5 ሲደርስ ነው። ሰው የሚሳሳተው በዘመድ ልጅ ላይ ነው። ሕጉ በዝምድና ምክንያት ከላይሰንስ ነፃ የሚያደርገው የሚጠበቁት ሁሉም የጠባቂዋ የልጅ ልጆች ሲሆኑ እንጂ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ስለሆኑ አይደለም። ስለዚህ አሁን 4 ልጆች አሉዎት፤ ሕፃኗ ስትመጣ 5 ይሆናሉ፤ ላይሰንሱም እሷ ከመግባቷ በፊት በእጅዎ መሆን አለበት።

«እስከ 5 ድረስ ማንም አይጠይቅሽም» ያሉዎት ሰዎች ከጁላይ 2016 በፊት የነበረውን ደንብ ይዘው ነው። የሜሪላንዷ ጓደኛዎ «ለአንድ ልጅም መመዝገብ ግድ ነው» ያሉዎትም ለእርሳቸው ትክክል ነው፤ በዚያ ዘመድ ያልሆነ አንድ ልጅ እንኳ በቤት ውስጥ በቋሚነትና በክፍያ ለመጠበቅ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለቨርጂኒያ ግን አይሠራም።

ይሁን እንጂ 4 ልጆች ብቻ ስላሉዎት ዛሬ ምንም አይጠበቅብዎትም ማለት አይደለም። የፖስታ አድራሻዎ አሌክሳንድሪያ ቢልም ቤትዎ በፌርፋክስ ካውንቲ ክልል ውስጥ ሊሆን ስለሚችል (በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለው ብዙ ነው) የቤት ግብር የሚከፈለው ለማን እንደሆነ ይመልከቱ። ፌርፋክስ ከሆነ ካውንቲው 4 ወይም ከዚያ በታች ልጆች ለሚጠብቁ ሰዎች የራሱ ፐርሚት አለው፤ ያለ እርሱ መሥራት አይፈቀድም። የምትኖሩት ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ ቤት) ውስጥ ስለሆነም የካውንቲው የዞኒንግ (የቤትና የቦታ አጠቃቀም) ደንብ ያለ ልዩ ፈቃድ ከ5 ልጅ በላይ እንደማይፈቅድ ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል፤ የስቴቱ ላይሰንስ እስከ 12 ቢልም ይህንን አይሽረውም።

ከሁሉም በላይ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው የሚታሰበውን የነጥብ ስሌት ልብ ይበሉ። ላይሰንስ ባለው ቤት አንድ ጠባቂ በአንድ ጊዜ ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አትችልም፤ እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4፣ ከ16 እስከ 23 ወር 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 1 ነጥብ ይይዛል። እዚህ ላይ ከ8 ዓመት በታች የሆኑ የራስዎ ልጆችም ይቆጠራሉ። በጻፉት ዕድሜ መሠረት የ18 ወሩ ልጅዎ 3፣ የ5 ዓመቷ 1፣ የአንድ ዓመቱ የእህትዎ ልጅ 4፣ የ8 ወሩ ሕፃን 4፣ የ3 እና የ4 ዓመቶቹ 2፣ 2፣ በድምሩ ልክ 16 ይሆናል። አዲሷ ሕፃን ስትጨመር 20 ስለሚደርስ ላይሰንስ ቢያገኙም እንኳ ያለ ረዳት ሊቀበሏት አይችሉም። ልጆቹ ባደጉ ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳልና ምናልባት ስምንት ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መጠበቁ ረዳት ከመቅጠር ይቀል ይሆናል።

የወንጀል ታሪክና የሕፃናት ጥቃት መዝገብ ምርመራው እርስዎን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን አዋቂዎች ሁሉ ይመለከታል። ከአገር ቤት የመጡት እናትዎ አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ የእርሳቸውም አሻራ ይጠየቃል። እርሳቸውን በረዳትነት ለማስመዝገብ ግን አያስቡ፤ በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው መሥራት ስለማይፈቀድለት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ማመልከቻው የሚገባው ለቨርጂኒያ የትምህርት መምሪያ ነው፤ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ኃላፊነቱ ከማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያ ወደዚያ ስለተዛወረ ጓደኞችዎ የሚሰጡዎትን የቆየ ቅጽ አይሙሉ። የአሻራውን ቀጠሮ ግን ዛሬውኑ ያስይዙ፤ እኔ ባየሁት ሁሉ ላይሰንስ የሚያዘገየው ከኢንስፔክተሩ ጉብኝት ይልቅ የቤተሰቡ የምርመራ ውጤት ነው።